የአከርካሪ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ውሻ በቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል?

ውሻ የአከርካሪ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት በአብዛኛው ዲስክ ሲፈነዳበት ነው። ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ተቀምጦ ጫናን የሚያበርድ አካል ሲሆን ከውጭ ጠንካራ ቀለበት፣ ከውስጥ ደግሞ ለስላሳና ዝልግልግ ክፍል አለው። እግሩ አጭር፣ ጀርባው ረጅም በሆነው በዳክስሁንድ፣ እንዲሁም በፔኪንጊዝ፣ በሺትዙ፣ በቢግልና በፍሬንች ቡልዶግ ይህ ለስላሳ ክፍል ገና በለጋ ዕድሜ መድረቅና መጠጠር ይጀምራል። ውሻው ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜው አንድ ቀን ከሶፋ ሲወርድ፣ አንዳንዴም ምንም ሳያደርግ፣ ቀለበቱ ይቀደድና የጠጠረው ነገር ወጥቶ ህብለ ሰረሰሩን ይመታዋል፤ መትቶም ይጫነዋል። ጉዳቱ በብዛት የሚደርሰው የደረትና የወገብ አከርካሪ በሚገናኙበት አካባቢ ስለሆነ የፊት እግሮች ደህና ሆነው የኋላዎቹ ይዝላሉ፣ ሲብስም ጨርሰው አይታዘዙም።

ቀዶ ሐኪሙ የአከርካሪውን አጥንት በአንድ ጎን በጥቂቱ ከፍቶ የፈሰሰውን ነገር ይጠርጋል። በዚህም ጫናው ይነሳል። የተቀጠቀጠውን ህብለ ሰረሰር ግን የሚጠግን ቢላዋ የለም፤ እሱ የሚያገግመው በራሱ ጊዜ፣ በሳምንታት አንዳንዴም በወራት ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሥራ ሦስት ነገር ነው፦ ውሻው ራሱን እንዳይጎዳ መገደብ፣ ሽንቱን በሰዓቱ ማስወጣት፣ ጡንቻው እንዳይከሳ ማንቀሳቀስ። ብዙ ባለቤቶች ልባቸው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ውሻው ቶሎ ቆሞ ሲሄድ ማየት ይፈልጋሉ። ውሻውን ለከፋ ችግር የሚዳርጉት ግን በአብዛኛው ችላ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ከክሊኒኩ ከመውጣት በፊት

ከሐኪሙ በግልጽ መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ጉዳይ ውሻው ከቀዶ ጥገናው በፊት በኋላ እግሩ ጣቶች ላይ ጥልቅ ሕመም ይሰማው እንደነበር ነው። ስሜቱ ካልጠፋ ከ10 ውሾች 9 ያህሉ መልሰው ይራመዳሉ፤ ብዙዎቹም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ። ጠፍቶ ከነበረ ዕድሉ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ባለቤት በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ ባያይ ተስፋ አይቆርጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሻው ሽንቱን በራሱ ይሸና እንደሆነ ነው። የማይሸና ከሆነ ፊኛው እንዴት እንደሚጨመቅ ባለቤቱ እዚያው፣ ሐኪሙ ባለበት፣ በገዛ እጁ ደጋግሞ ሞክሮ ሽንቱ ሲወጣ ሳያይ ውሻውን ይዞ ወደ ቤት መሄድ የለበትም። በቃል የተነገረ ማብራሪያ እቤት ሲደርስ አይሠራም። የመድኃኒቶቹ ሰዓት፣ ስፌቱ የሚፈታበት ቀንና በሌሊት የሚደወልበት ስልክ በወረቀት ይያዛሉ።

ማረፊያው

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ውሻው ከሕክምናና ከመጸዳጃ ጊዜ በቀር ውሎና አዳሩ በተከለለ ቦታ ነው። ቦታው መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት የሚያስችል፣ መሮጥና መዝለል ግን የማያስችል መሆን አለበት። የውሻ ኬጅ ከሌለ የክፍሉን ጥግ ዝቅተኛ ባልሆነ ነገር መከለል ይበቃል፤ ውሻው በፊት እግሩ ተንጠልጥሎ ሊወጣበት የሚችል አጥር ግን ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። ዕረፍቱ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተቀደደው የዲስክ ቀለበት በጠባሳ እስኪደፈን ድረስ ከውስጥ የቀረው ነገር ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። አስቸጋሪው ጊዜ ውሻው የሚያለቅስበት ሳይሆን ሕመሙ የቀለለበት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደህና ሆኖ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ በሩ ሲንኳኳ ሊዘል ይቃጣዋል። ልጆችና እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ማረፊያው ከሳሎን ይልቅ ጓዳ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።

ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ፍራሹ በፕላስቲክ ይሸፈንና ከላይ ሽንት የሚመጥ ጨርቅ ይደረብበታል። ጨርቁ በእጅ ተዳስሶ እርጥበት በተሰማ ቁጥር ይቀየራል። ራሱን መገልበጥ የማይችል ውሻ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይዞራል፤ ዳሌው፣ ጭኑና ክርኑ ላይ ቆዳው መቅላቱ ወይም ጸጉሩ መሳሳቱ በየቀኑ ይታያል። በመተኛት የሚመጣ ቁስል አንዴ ከወጣ ለመዳን ከቀዶ ጥገናው ስፌት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ውሻው ሲነሳ አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ ሌላው ከዳሌው ሥር ገብቶ ጀርባው ቀጥ ብሎ እንደተጋደመ ነው የሚነሳው። ልጅን እንደሚያነሱ በብብቱ ይዞ ማንጠልጠል የታችኛው አካሉ እንዲወዛወዝና ጀርባው እንዲጣመም ያደርጋል። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ልጆቹም፣ ይህን አነሳስ መማር አለባቸው፤ ካልሆነ ግን ውሻውን የሚያነሳው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ሽንት

ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ በአንጎልና በሽንት ፊኛ መካከል ያለው መልእክት ይቋረጣል። ጉዳቱ በደረትና በወገብ መጋጠሚያ ላይ ከሆነ የፊኛው በር እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ፊኛው ይሞላል፣ ይወጠራል፣ በመጨረሻም ከመጠን ያለፈው በጠብታ ይፈስሳል። ባለቤቶችን የሚያታልለው ይህ ፍሳሽ ነው። ጨርቁ ረጥቦ ሲታይ «ሸንቷል» ይባላል፤ እውነቱ ግን ፊኛው ሞልቶ መፍሰሱ ነው። ተወጥሮ የቆየ ፊኛ ጡንቻው ይላላና ነርቮቹ ከዳኑ በኋላም መኮማተር ሊያቅተው ይችላል። ውስጡ የቆመው ሽንት ደግሞ ለባክቴሪያ ምቹ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ከወጣ ሕይወትን ያሰጋል።

ስለዚህ በራሱ የማይሸና ውሻ ፊኛው በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ በእጅ ይጨመቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚል ፕሮግራም ብዙ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ በሁለት ጭመቃዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ8 ሰዓት አይለፍ። ሥራ የሚውል ሰው ቀን ላይ የሚተካው እንዲኖር ውሻው ከክሊኒክ ከመምጣቱ በፊት ያመቻቻል።

አጨማመቁ እንዲህ ነው። ውሻው በጎኑ ይተኛል ወይም ሌላ ሰው ከሆዱ ሥር ደግፎ ያቆመዋል። የሁለቱ እጆች መዳፍ ተዘርግቶ በሆዱ ግራና ቀኝ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ ይቀመጣል፤ ከዚያ በቀስታ ወደ ኋላ እግሮቹ እየተንሸራተተ ይዳስሳል። የሞላ ፊኛ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ውሃ እንደተሞላ ኳስ ሆኖ ይገኛል። ሲገኝ በሁለቱ መዳፎች መካከል ይያዝና እኩል በሆነ፣ በማይቋረጥ ግፊት ወደ ጅራቱ አቅጣጫ ይጫናል። ግፊቱ ቀስ እያለ ይጨምራል እንጂ በአንዴ አይበረታም፤ በጣት ጫፍ መውጋትም ክልክል ነው። በሩ ለመከፈት ጥቂት ሰኮንዶች ይወስዳል። ሽንቱ መውረድ ሲጀምር እጁ እዚያው ይቆያል፤ ሲያቆም ትንሽ ታርፎ እንደገና ይሞከራል። ሲያበቃ ቀድሞ ኳስ የነበረው ነገር በእጅ መጥፋት አለበት። ውሻው ሆዱን ሲያጠነክር መታገል ዋጋ የለውም፤ እስኪረጋጋና እስኪተነፍስ ይጠበቃል። ሆዱ በሚጨመቅበት ጊዜ ዓይነ ምድርም አብሮ ይወጣል፣ ያም የተለመደ ነው።

ፊኛው ድንጋይ ሆኖ በተገቢው ግፊት አንዲት ጠብታ ካልወጣ ኃይል መጨመር ፊኛውን ሊያፈነዳው ይችላል። ያኔ መደወል ወደ ሐኪሙ ነው፤ በቱቦ ያወጣለታል፣ የፊኛውን በር የሚያላላ መድኃኒትም ያዝዛል። ሽንቱ ከሸተተ፣ ከደፈረሰ ወይም ደም ከተቀላቀለበት ናሙናው ለላቦራቶሪ ይሰጣል። ሽንት እንዲቀንስ በሚል ውሃ መከልከል ትልቅ ስህተት ነው፤ ብዙ የሚጠጣ ውሻ ፊኛው ይታጠባል።

ሽንት የነካው ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል። ከእያንዳንዱ ጭመቃ በኋላ የጭኑ ውስጥና የሆዱ ሥር በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፣ በፎጣ ይደርቃል፣ ስስ ቫዝሊን ይቀባል። ረጅም ጸጉር ያለው ከሆነ በአካባቢው ያለው ጸጉር ይቆረጣል። ዳይፐር ቤቱን ያጸዳል እንጂ ውሻውን አያክምም፤ ረጥቦ የቆየ ዳይፐር ደግሞ ካለመኖሩ ይብሳል።

ቁስሉና መድኃኒቱ

ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። እስከዚያ አይታጠብም፣ አይቀባም፣ ውሻውም እንዳይልሰው የፕላስቲክ ኮን አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በቀን ጥቂት ጊዜ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ቁስሉ ላይ ቢቀመጥ እብጠትና ሕመም ይቀንሳል። በረዶው በቀጥታ ቆዳውን አይንካ፤ ውሻው በአካባቢው ስሜት ላይኖረው ስለሚችል ቢያቃጥለውም አይናገርም።

በመድኃኒት በኩል ጥብቅ መሆን ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ ለውሻ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካም። ሐኪሙ ያዘዛቸው እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉት ከምግብ ጋር ይሰጣሉ፤ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ካሉ ስቴሮይዶች ጋር ግን በአንድ ላይ አይሰጡም፣ የጨጓራ ቁስለት ያስከትላሉና። ውሻው ካስመለሰው፣ ምግብ ካስጠላው ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የሚቀጥለው ኪኒን ሳይሰጥ ሐኪሙ ይጠየቃል። ጋባፔንቲን የተባለውን የሕመም መድኃኒት የሚወስድ ውሻ ሊያንቀላፋና ሊንገዳገድ ይችላል፤ ይህን አይቶ «ባሰበት» ማለት አያስፈልግም።

እንቅስቃሴ

ዕረፍት ማለት ግዑዝ ሆኖ መተኛት አይደለም። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ውሻው በጎኑ እንደተኛ እያንዳንዱ የኋላ እግር በእጅ ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያ የጣቶቹ፣ ቀጥሎ የቁርጭምጭሚቱ፣ የጉልበቱና የዳሌው መገጣጠሚያ በቀስታ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ በመጨረሻ እግሩ በሙሉ ብስክሌት እንደሚነዳ ይዞራል። ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይም 3 ዙር ይበቃል። መገጣጠሚያው እምቢ ካለበት አልፎ አይገፋም።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጣቶቹ መካከል ሲኮረኮር እግሩን የሚሰበስብ ውሻ ተሰማው ማለት አይደለም፤ መሰብሰቡ ከአንጎል ሳይደርስ በህብለ ሰረሰር ብቻ የሚፈጸም ምላሽ ነው። ስሜት አለ የሚባለው ውሻው አንገቱን አዙሮ ሲያይ፣ ሲጮህ ወይም ለመንከስ ሲሞክር ነው። ጅራትም እንደዚሁ ነው፤ ፊኛው ሲጨመቅ የሚነቃነቅ ጅራት ምንም አያረጋግጥም። ባለቤቱ በር ላይ ስሙን ሲጠራው የሚቆላው ጅራት ግን ከአንጎል የመጣው ትእዛዝ ጉዳቱን አልፎ መውረዱን ያሳያል። ማገገሙ በቅደም ተከተል ይመጣል፦ አስቀድሞ የሕመም ስሜት፣ ቀጥሎ ደካማ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ክብደትን መሸከም፣ መጨረሻ ላይ እግሩ የት እንዳለ ማወቅ። ስለዚህ መራመድ የጀመረ ውሻም ለወራት ሊንገዳገድና መዳፉን አጥፎ ሊረግጥ ይችላል።

ቀጣዩ ደረጃ ደግፎ ማቆም ነው። ምግቡን በሚበላበት ጊዜ መዳፎቹ ተስተካክለው መሬት እንዲረግጡ ይደረግና ዳሌው በእጅ ይደገፋል፤ በየጊዜው ድጋፉ ለቅጽበት ይቀነሳል። ለመጸዳዳት ሲወጣ የታጠፈ ፎጣ ወይም ነጠላ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ያልፍና ሁለቱ ጫፎች ከላይ ይያዛሉ። በወንድ ውሻ ጨርቁ ብልቱን እንዳይጫን ወደ ፊት ይደረጋል። ዳሌው ከትከሻው እኩል ከፍታ ላይ ይቆይ፤ ከፍ ተደርጎ የኋላ እግሮቹ አየር ላይ ከተንሳፈፉ ውሻው በፊት እግሩ ብቻ መሄድን እንጂ በኋላ እግሮቹ መራመድን አይማርም። በመጀመሪያ 5 ደቂቃ ይበቃል። ገመዱ አንገቱ ላይ ሳይሆን የደረት ማሰሪያ ላይ ይታሰራል።

የተወለወለ ሊሾና ሴራሚክ ለእንዲህ ያለ ውሻ ወጥመድ ነው። በሚንቀሳቀስበት ቦታ ሁሉ የማያንሸራትት ምንጣፍ ይነጠፋል። ውጭ አስፋልት ላይ መዳፉን የሚጎትት ከሆነ የመዳፉ ጀርባ ተልጦ ይደማል፤ ለዚያ ጊዜ ብቻ የሕፃን ካልሲ ወይም የውሻ ጫማ ይደረግለታል፣ እቤት ሲገባ ይወልቃል። የውሃ ውስጥ ትሬድሚል ያላቸው ማዕከላት ባሉበት ከተማ፣ ስፌቱ ከተፈታና ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እዚያ መውሰድ ገንዘቡን የሚያስቆጭ አይደለም፤ ውሃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት በመሬት ላይ የማይችለውን እርምጃ እዚያ ይሞክራል። ይህ ባይገኝ በቤት የሚደረገው ብቻውን ብዙ ውሾችን ያስነሳል።

ምግብ

ተከልሎ የሚውል ውሻ ምግቡ ካልተቀነሰ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይወፍራል፤ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ደግሞ በጀርባው ላይ ነው። የጎን አጥንቶቹ በእጅ ሲዳሰሱ በቀላሉ መቆጠር አለባቸው። አጥንት ሆድ ያደርቃል፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ የቀይ ደም ሴሎቹን ስለሚያፈርስ ለታመመም ለደህና ውሻም አይሰጥም።

በአስቸኳይ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ

ውሻው ማድረግ ጀምሮ የነበረውን ነገር ካጣ፣ ለምሳሌ ትናንት ቆሞ ዛሬ መቆም ካቃተው፣ አዲስ ጫና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታያል። ቁስሉ ካበጠ፣ መግል ካወጣ ወይም ከተከፈተ፣ ለ12 ሰዓት ያህል ሽንት ካልወጣ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ካለቀሰም እንዲሁ። ከሁሉም የሚከፋው የህብለ ሰረሰር መሟሸሽ ነው። ይህ የሚያጋጥመው በተለይ ጥልቅ የሕመም ስሜታቸውን ያጡትን ሲሆን ከ10 አንዱን ያህል ይነካል፤ በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በሁለተኛው ይታያል። ቀድሞ ጠንካራ የነበሩት የኋላ እግሮች እንደ ጨርቅ ይላላሉ፣ የሆዱ ጡንቻ ይከተላል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ቀጥሎ የፊት እግሮች ይደክማሉ፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ያጥረዋል። መድኃኒት አልተገኘለትም። ሐኪሙ ስቃዩን ማሳጠር ይሻላል ሲል በዚህ ጉዳይ እውነቱን ነው።

ከ6 ሳምንት በኋላ

ሐኪሙ አይቶ ከፈቀደ የእግር ጉዞው በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየተጨመረበት ይረዝማል። ሶፋ ላይ መዝለልና ደረጃ መውረድ ግን ለዘለቄታው ይቀራሉ፤ ከመኪና ለመውረድ ተዳፋት ጣውላ ይሠራለታል። አንድ ዲስክ የፈነዳበት ውሻ የቀሩት ዲስኮቹም በዚያው መንገድ ላይ ስለሆኑ ሌላ ጊዜ ሊደገምበት ይችላል። የበሽታው ዝንባሌ በዘር ስለሚተላለፍ እንዲህ ያለ ውሻ ለማራቢያ አይሆንም።

የኤምአርአይ ምርመራና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በማይገኝበት ቦታ፣ የሕመም ስሜቱ ያልጠፋ ውሻ ያለ ቀዶ ጥገናም በዚሁ አያያዝ፣ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ተከልሎ፣ የማገገም ተስፋ አለው። ተስፋው ግን ከቀዶ ጥገናው ያነሰና የዘገየ ነው። ስሜቱ ከጠፋ ደግሞ ያለ ቀዶ ጥገና የሚነሳው ጥቂቱ ብቻ ነው።

በወራት ውስጥ ያልተራመደ ውሻ በልኩ የተሠራ ባለሁለት ጎማ ጋሪ ይደረግለታል። ጋሪው ጀርባው ቀጥ ብሎ እንዲቆም በሚያስችል ከፍታ ይለካል፣ መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ይለመዳል፣ ውሻውም እላዩ ላይ አይተኛም። አንዳንዱ ስሜቱ ሳይመለስ በህብለ ሰረሰር ምላሽ ብቻ የሚንገዳገድ እርምጃ ከብዙ ወራት በኋላ ያዳብራል። በጋሪም ሆነ በዚህ ዓይነቱ እርምጃ የሚኖር ውሻ የፊኛው ሥራ ካልተመለሰ ዕድሜውን ሙሉ በእጅ ይጨመቅለታል፤ ሕመሙን ስለማይናገርም ሽንቱ ደህና ቢመስል እንኳ በየጥቂት ወሩ መመርመር አለበት።